ስለ ፍራንሲስ ንጋኑ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከአሸዋ ቁፋሮ እስከ ዩኤፍሲ ቀበቶ፣ ከዛም ወዲያ

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው ሰው ንጋኑ ማነው?

የካሜሩን ልጅ ነው፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1986 ባቲዬ በምትባል በምዕራብ ካሜሩን ባለች ትንሽ ቦታ ነው የተወለደው። በ2021 የዩኤፍሲ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ኤምኤምኤ የሚባለው ስፖርት ትልቁ ድርጅት) የከባድ ሚዛን ቻምፒዮን ሆነ፣ በከባድ ሚዛን ከአፍሪካ የመጀመሪያው ማለት ነው። ሰውየውን ለየት የሚያደርገው ግን ቀበቶውን ማግኘቱ ብቻ አይደለም፣ ቀበቶው እጁ ላይ እያለ "በዚህ ኮንትራት አልፈርምም" ብሎ መውጣቱ ነው። ብዙ ሰው የቡጢውን ክሊፕ አይቶ እዛው ላይ ያቆማል፣ እኔ ግን ከቡጢው ይልቅ እምቢ ማለቱ ነው የሚገርመኝ፣ ለምን እንደሆነ ከታች ይገባችኋል።

እውነት አሸዋ ቆፋሪ ነበር ወይስ ለወሬ ማሳመሪያ ነው?

እውነት ነው። ወላጆቹ የተለያዩት ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው፣ ቤተሰቡ ድሃ ነበር፣ እሱም በልጅነቱ አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አካፋ ይዞ አሸዋ እያወጣ መኪና ላይ ይጭን ነበር። ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛበት ስላልነበረው ትምህርት ቤት የሚሄደው በዛው ብር ነው። ቻምፒዮን ከሆነ በኋላ አገሩ ሲመለስ ያንኑ ቦታ ሄዶ ጎብኝቶታል፣ ቪድዮው አለ፣ እዛ ዛሬም ሰዎች በአካፋ ይቆፍራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አባቱ በሰፈር ጠበኛነት የታወቀ ሰው ነበር፣ ልጁን "አንተም እንደ አባትህ ነህ" ይሉት ነበር። እሱ ደግሞ ያንን ስም ሽሽት ነው ቦክስን የመረጠው፣ ጉልበት ካለኝ በህግ በሚመራ ስፖርት ላይ ላውለው ብሎ። ማይክ ታይሰንን ነበር የሚያደንቀው፣ ህልሙም የዓለም ቦክስ ቻምፒዮን መሆን ነበር፣ ኤምኤምኤ የሚባል ነገር ያኔ በሀሳቡም የለም።

ስንት ዓመቱ ላይ ነው ስፖርቱን የጀመረው?

ቦክስ በ22 ዓመቱ፣ ዱዋላ ሄዶ። ለቦክሰኛ ይሄ በጣም የዘገየ ነው፣ በዛ እድሜ ሌላው አስር ዓመት ሰልጥኗል። ኤምኤምኤ ደግሞ ከ26 ዓመት በኋላ። "አርጅቻለሁ፣ ጊዜው አልፎብኛል" የምትሉ ካላችሁ ይቺን ያዙ፣ ግን ደግሞ 1.93 ሜትር ቁመትና ከ115 ኪሎ በላይ የሆነ ጡንቻ እንዳለው አትርሱ፣ ሁሉም ሰው በዛ እድሜ ጀምሮ እዛ አይደርስም።

አውሮፓ እንዴት ገባ?

እንደ ብዙው አፍሪካዊ ወጣት፣ በእግርና በጭነት መኪና። በ2012 ከካሜሩን ተነስቶ ናይጄሪያ፣ ከዛ ኒጀር፣ ከዛ ሰሃራን አቋርጦ አልጄሪያ፣ ከዛ ሞሮኮ። ሰሃራ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በፒካፕ መጓዝ ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት የሚጠበቅብኝ አይመስለኝም።

የከፋው ሞሮኮ ነው፣ አንድ ዓመት ገደማ እዛ ቆየ። ጫካ ውስጥ እየተኛ፣ ከቆሻሻ መጣያ ምግብ እየፈለገ፣ ማታ ማታ ወደ ስፔን ለመሻገር እየሞከረ። ስፔን በሞሮኮ ጠረፍ ላይ ሜሊላ የምትባል ከተማ አላት፣ ዙሪያዋ በእሾህ ሽቦ አጥር ታጥሯል፣ እሱን ለመዝለል ሞክሮ ሽቦው ሰውነቱን ቆራርጦታል። አልሆነም ሲል በፕላስቲክ ጀልባ በባህር ሞከረ። ፖሊስ ሲይዛቸው ምን ያደርጋቸው ነበር መሰላችሁ፣ ጭኖ ወስዶ አልጄሪያ ጠረፍ በረሃው ላይ ይጥላቸዋል፣ እነሱም ከዛ ተነስተው እንደገና በእግር ይመለሳሉ። እሱ ራሱ በኢንተርቪው እንደተናገረው ስድስት ጊዜ ከሽፎበት ነው በሰባተኛው የተሻገረው።

ስፔን ሲደርስም አለቀ ማለት አይደለም፣ በህገወጥ መንገድ ገባህ ተብሎ ሁለት ወር ገደማ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ እዛ መቆየት አልፈለገም፣ በጁን 2013 ፓሪስ ገባ። ፓሪስ ውስጥ የሚያውቀው አንድም ሰው የለም፣ ኪሱ ባዶ ነው፣ የተኛውም መኪና ማቆሚያ ህንፃ ውስጥ ነው።

ታዲያ ቤት የሌለው ሰው እንዴት ተፋላሚ ሆነ?

ፓሪስ እንደደረሰ መጀመሪያ የፈለገው ቤት ሳይሆን ቦክስ ጂም ነው። እዛ ዲዲየ ካርሞን የሚባል አሰልጣኝ አገኘው፣ ሰውነቱን አየና "አንተ ኤምኤምኤ ነው የሚያዋጣህ" አለው። ንጋኑ መጀመሪያ አልተዋጠለትም፣ እሱ የመጣው ለቦክስ ነዋ። ካርሞን ግን ገፋፋው፣ ከዛ ኤምኤምኤ ፋክተሪ የሚባለው ጂም ገባና በፈርናን ሎፔዝ ስር መሰልጠን ጀመረ፣ መተኛም እዛው ጂም ውስጥ አገኘ። ፈርናን ሎፔዝ የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ ይመለሳል፣ ያውም በተቃራኒው ማእዘን ቆሞ።

ፓሪስ በገባ በአምስት ወሩ፣ ኖቬምበር 2013፣ የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል ፋይቱን አደረገ። አሸነፈም፣ ግን በቡጢ እንዳይመስላችሁ፣ በሳብሚሽን ነው፣ ማለትም ተጋጣሚውን ጠምዝዞ እጅ አሰጥቶ። በቀጣዩ ወር ሁለተኛውን በነጥብ ተሸነፈ። ያው ምንም ሬስሊንግ (ትግል) ሳያውቅ የገባ ሰው ነው፣ እየተፋለመ ነው የተማረው።

ዩኤፍሲ መቼ ገባ?

ዲሴምበር 2015፣ ኦርላንዶ። ብራዚላዊውን ሉዊስ ሄንሪኬን በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ከዛ በኋላ ያገኘውን ሁሉ እየጠረገ ሄደ፣ በ2016 ኩርቲስ ብሌይድስን (አይኑ አብጦ ዶክተር አስቆመው)፣ ቦያን ሚሃይሎቪችን፣ አንቶኒ ሃሚልተንን በኪሞራ እጁን ጠምዝዞ። በጃንዋሪ 2017 የቀድሞውን ቻምፒዮን አንድሬ አርሎቭስኪን በ1 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ። ስሙን ዓለም ያወቀው ግን ዲሴምበር 2017 ዲትሮይት ላይ አሊስታር ኦቨሪምን የመታው ጊዜ ነው።

ያ የኦቨሪም ቡጢ ምን ነበር? "የዓለማችን ከባዱ ቡጢ" የሚባለውስ እውነት ነው?

ኦቨሪም ራሱ ትልቅ ኪክቦክሰር ነው፣ ልምድ ያለው። ጎንበስ ብሎ ሊመታ ሲገባ ንጋኑ ከታች በግራ አፐርካት አገኘው፣ ጭንቅላቱ ወደኋላ ተቀነጠሰ፣ ሰውየው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ራሱን ስቷል። ስሎው ሞሽኑን ያየ ሰው አንገቱን ይነካል። 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው የፈጀው።

ስለ "ከባዱ ቡጢ" የሚወራው በ2017 ላስ ቬጋስ የዩኤፍሲ ማሰልጠኛ ማእከል ውስጥ በማሽን ተለክቶ 129,161 ዩኒት በማስመዝገቡ ነው። የዩኤፍሲው አለቃ ዴና ዋይትም በትንሽ መኪና እንደመመታት ነው እያለ አሻሻጠው። እንደኔ ይሄን ቁጥር ብዙ አታክብዱት፣ ዩኒቱ የዛ ማሽን ብቻ ነው፣ ኪሎም ኒውተንም አይደለም፣ በኋላም ሌሎች ከሱ የበለጠ አስመዝግበዋል። የሰውየው ቡጢ ከባድ መሆኑን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፣ የወደቁትን ማየት ይበቃል።

2018 ላይ ምን ነካው?

ሁለት ነገር። ጃንዋሪ 2018 ቦስተን ላይ ለቀበቶው ከያኔው ቻምፒዮን ስቲፔ ሚዮቺች ጋር ተጋጠመ፣ ሁሉም ሰው ይዘርረዋል ብሎ ነበር። ንጋኑ በመጀመሪያው ዙር ያለውን ጉልበት ሁሉ ወረወረ፣ ሚዮቺች እያጎነበሰ አሳለፈው፣ ከዛ እየያዘ መሬት ጣለው፣ ስድስት ጊዜ ጣለው፣ ላዩ ላይ ተኛበት። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ንጋኑ የሚተነፍሰው በአፉ ነበር። 25 ደቂቃ ሙሉ ቆመ ግን ሶስቱም ዳኞች 50 ለ 44 ለሚዮቺች ነው የሰጡት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ጁላይ 2018 ከዴሪክ ልዊስ ጋር፣ ሁለቱም ዘራሪዎች ናቸው፣ ሰው ደም ይፈሳል ብሎ ነው የመጣው፣ እነሱ ግን 15 ደቂቃ ሲተያዩ አመሹ። ንጋኑ በሶስት ዙር ያሳረፈው ምት 11 ነው፣ አስራ አንድ! ህዝቡ እየጮኸባቸው ነው ያለቀው። በኋላ ራሱ እንዳመነው የሚዮቺች ሽንፈት ፍርሃት ሆኖ አብሮት ነበር የገባው፣ እንደገና እንዳይደክመው ፈርቶ መምታቱን ተወ። ዴና ዋይትም ኢጎው ነው ያጠፋው ብሎ በአደባባይ ወረፈው። ያኔ ብዙ ሰው ንጋኑን ዘግቶት ነበር።

እንዴት ነው የተመለሰው?

ኖቬምበር 2018 ቤጂንግ ላይ ኩርቲስ ብሌይድስን ድጋሚ በ45 ሰከንድ። ፌብሩዋሪ 2019 ካይን ቬላስኬዝን በ26 ሰከንድ። ጁን 2019 ጁኒየር ዶስ ሳንቶስን በ71 ሰከንድ። ሜይ 2020 በኮሮና ጊዜ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሮዘንስትራይክን በ20 ሰከንድ። ደምሩት፣ አራቱ አንድ ላይ 2 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው፣ አንድ ዙር እንኳ 5 ደቂቃ ነው እኮ! ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ የቀድሞ የዩኤፍሲ ቻምፒዮኖች ናቸው።

ግን እነዚህ ፋይቶች የማያሳዩት ነገር አለ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ላስ ቬጋስ ኤክስትሪም ኩቱር ጂም ገብቶ ከአሰልጣኙ ኤሪክ ኒክሲክ ጋር ሬስሊንግና ትንፋሽ ላይ ሲሰራ ነበር። በ20 ሰከንድ ስታሸንፍ የሰራኸው አይታይም፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ "ያው ነው፣ መሬት ከጣሉት አለቀለት" ይል ነበር።

ቻምፒዮን የሆነበት ፋይት እንዴት ነበር?

ማርች 27 ቀን 2021፣ ዩኤፍሲ 260፣ ላስ ቬጋስ። ከሚዮቺች ጋር ድጋሚ። ይሄን ፋይት ያለ ድምፅ ሁለቴ እዩት።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ንጋኑ አይሮጥም፣ ያ የቦስተኑ ሰውዬ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ጃብ ይጥላል፣ እግር ይመታል፣ ያርፋል። ሚዮቺች እንደለመደው እግሩን ሊይዝ ገባ፣ እዚህ ጋ ነው የሶስት ዓመቱ ስራ የታየው፣ ንጋኑ እግሮቹን ወደኋላ ወርውሮ በደረቱ ተጫነው፣ ከዛ ከኋላው ዞሮ ቡጢ ያዘንብበት ጀመር። እኔ በበኩሌ ፋይቱ ያለቀው እዛ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሚዮቺች ፕላን ሀ የለውም ማለት ነው፣ ከዚህ በኋላ ከዚህ ሰው ጋር ቆሞ ሊማታ ነው።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ንጋኑ በቀጥታ ግራ መታውና ሚዮቺች ተንገዳገደ። ግን ልምድ ያለው ነውና ቀኝ መለሰ፣ ያች ቀኝ አገኘች፣ አገኘሁት ብሎ ወደፊት ገባ፣ በዛው ቅፅበት ግራ ሁክ አገጩ ላይ አረፈችበት። አወዳደቁ ያስፈራል፣ እግሩ ከስሩ ታጥፎ ነው የወደቀው። ንጋኑ አንድ ቡጢ ከላይ ጨመረ፣ ዳኛው ገባ። 52ኛው ሰከንድ ላይ።

"ሶስቱ ንጉሶች" የሚባሉት እነማን ናቸው?

ካማሩ ኡስማን፣ እስራኤል አዴሳንያና ንጋኑ። ሁለቱ ናይጄሪያ የተወለዱ ናቸው፣ ከማርች 2021 ጀምሮ ሶስቱም በአንድ ጊዜ የዩኤፍሲ ቀበቶ ያዙ፣ ኦገስት 2022 ኡስማን በሊዮን ኤድዋርድስ እስኪሸነፍ ድረስ ማለት ነው። ኡስማን አሜሪካ አዴሳንያ ደግሞ ኒውዚላንድ ነው ያደጉት፣ አፍሪካ ውስጥ አድጎ ጎልምሶ የወጣው ንጋኑ ብቻ ነው። ቀበቶውን ይዞ ካሜሩን ሲገባ መንገዱ በሰው ተዘግቶ ነበር።

ከሲሪል ጋን ጋር ያደረገው ፋይት ለምን ያን ያህል ይወራለታል?

ብዙ ድራማ ስለነበረበት። ሲጀመር ንጋኑ ቀበቶውን ከያዘ ገና በአምስት ወሩ ዩኤፍሲ "ጊዜያዊ ቻምፒዮን" የሚል ሌላ ቀበቶ አውጥቶ ጋንና ልዊስን አጋጠመ። ንጋኑ አልተጎዳም፣ እምቢም አላለም፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ነው ያለው። ጋን አሸነፈና ተቀናቃኝ ሆነ። ጋን ደግሞ ማነው፣ ፓሪስ ላይ አብሮት የሰለጠነ ልጅ፣ አሰልጣኙ ማነው፣ ፈርናን ሎፔዝ! ንጋኑና ሎፔዝ ተኳርፈው ከተለያዩ ቆይተዋል።

ሌላው ጉዳይ ጉልበቱ ነው። ከፋይቱ ሶስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። አጠገቡ ያሉት ሰዎች ፋይቱን ሰርዘው ብለውት ነበር፣ እሱ ግን ከሰረዝኩ ኮንትራቴን ያራዝሙብኛል ብሎ በዛው ገባ።

ጃንዋሪ 22 ቀን 2022 አናሃይም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙር ጋን እየተንቀሳቀሰ በርቀት ወሰዳቸው። ሶስተኛው ዙር ላይ ንጋኑ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፣ ጋንን ከፍ አድርጎ መሬት ላይ ጣለው። እንደገና ጣለው። በአንድ ጉልበት የቀረው ዘራሪ በሬስሊንግ ማሸነፍ ጀመረ፣ አስቡት፣ በ2018 በዚሁ ሬስሊንግ የተሸነፈው ሰውዬ። አምስተኛው ዙር ላይ ጋን ራሱ ጥሎት ነበር፣ ግን እግሩን ጠምዝዛለሁ ሲል ከላይ የነበረበትን ቦታ ለቀቀ፣ ንጋኑ ከላይ ሆነ፣ እዛው ጨረሰ። 48 ለ 47፣ 48 ለ 47፣ 49 ለ 46። በዳኞች ውሳኔ ያሸነፈው ብቸኛ ፋይቱ ይሄ ነው፣ ለኔ ደግሞ ምርጡ።

ዴና ዋይት ቀበቶውን ለምን አላጠለቀለትም?

በዛ ምሽት ዋይት ኦክታጎን (ስምንት ማእዘን ያለው የዩኤፍሲ መፋለሚያ) ውስጥ አልገባም፣ ቀበቶውን ሌላ ሰው ነው ያደረገለት፣ ከፋይቱ በኋላ ባለው መግለጫም አልተገኘም። በኋላ ሲጠየቅ ከጀርባ የማስተካክለው ጉዳይ ነበረኝ አለ። የሚያምን ይመን።

ቀበቶ እያለው ለምን ዩኤፍሲን ለቀቀ? ለገንዘብ ነው?

ገንዘብ አለበት፣ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለጋን ፋይት በይፋ የተመዘገበለት ክፍያ 600,000 ዶላር ነው፣ የከባድ ሚዛን የዓለም ቻምፒዮን! በቦክስ እንዲህ ያለ ቻምፒዮን በሚሊዮን ነው የሚቆጥረው። በዩኤፍሲ ላይ በተከፈተው ክስ ላይ እንደወጣው ተፋላሚዎች ከድርጅቱ ገቢ የሚደርሳቸው 20 ከመቶ የማይሞላ ነው።

ሌላው ኮንትራቱ ነው። የዩኤፍሲ ኮንትራት ቻምፒዮን ሆነህ ካለቀ በራሱ የሚራዘምበት አንቀፅ አለው፣ ማለትም ባሸነፍክ ቁጥር ትታሰራለህ። የንጋኑ ማምለጫ ኮንትራቱ የሚራዘምበት የጊዜ ገደብ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበር፣ ስለዚህ ጉልበቱን ኦፕሬሽን ተደርጎ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። 2022 ሙሉውን አልተፋለመም፣ ገቢ የለም፣ እድሜው 36 ደርሷል፣ ስፖርተኛ በዛ እድሜ አንድ ዓመት ቁጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ድርድር ላይ የጠየቃቸው ነገሮች ደግሞ ለራሱ ብቻ አልነበሩም፦ ለተፋላሚዎች የጤና ኢንሹራንስ፣ የራስን ስፖንሰር ይዞ የመግባት መብት (ዩኤፍሲ ውስጥ ቁምጣህ ላይ የሚለጠፈውን የሚወስነው ድርጅቱ ነው)፣ እና ስብሰባ ላይ ተፋላሚዎችን ወክሎ የሚናገር ሰው። ቦክስም መጫወት ይፈልግ ነበር። ዋይት በበኩሉ በታሪክ ከፍተኛው ተከፋይ የከባድ ሚዛን ተፋላሚ የሚያደርገው ብር አቅርበንለት ነበር ነው የሚለው። ሁለቱም አልዋሹ ይሆናል፣ ብሩ ጨምሯል፣ ሰንሰለቱ ግን አልተፈታም።

ጃንዋሪ 14 ቀን 2023 ዋይት ንጋኑን ለቀነዋል፣ ቀበቶውም ተነጥቋል አለ። ቻምፒዮን ሆኖ ሳይሸነፍ በነፃ የወጣ ሰው በዩኤፍሲ በጣም ጥቂት ነው። ያኔ ሶሻል ሚዲያው "አበቃለት፣ ሞኝ ነው" ብሎ አለቀ።

ከጆን ጆንስ ጋር ለምን አልተጋጠመም?

ጆንስ ከከባድ ሚዛን አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሚዛን የዩኤፍሲ ቻምፒዮን የነበረ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ፋይት ነበር። ንጋኑ በ2021 ቻምፒዮን እንደሆነ ወሬው ተጀመረ፣ ጆንስ ብር ይጨመርልኝ አለ፣ ዩኤፍሲ አልጨመረም። ንጋኑ ሲወጣ ጆንስ ከጋን ጋር ተጋጠመና ማርች 2023 በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አንገቱን አንቆ አሸነፈው፣ ባዶውን ቀበቶ ወሰደ። ጁን 2025 ላይ ደግሞ የጆንስ ጡረታ ተነገረ። ማን ፈራ ለሚለው ክርክር እኔን አትጠይቁኝ፣ ተጠያቂው የብሩ ሂሳብ ነው።

ፉሪን በእውነት ጥሎታል?

አዎ ጥሎታል። ኦክቶበር 28 ቀን 2023 ሪያድ፣ 10 ዙር፣ የንጋኑ የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል ቦክስ ነው፣ ታይሰን ፉሪ ደግሞ ያኔ ያልተሸነፈ የደብልዩቢሲ (የዓለም ቀበቶ ከሚሰጡ የቦክስ ድርጅቶች አንዱ) ቻምፒዮን፣ ቀበቶው ግን ለውድድር አልቀረበም። ልጅ ሆኖ ያደንቀው የነበረው ማይክ ታይሰን ልምምዱ ላይ አግዞታል። ሰው ለፉሪ የብር ማግኛ ቀልድ ነው ብሎ ነበር የተቀመጠው። ሶስተኛው ዙር ላይ ግራ ሁክ ጭንቅላቱ ላይ አረፈችና ፉሪ መሬት ወረደ፣ ንጋኑ ደግሞ ፊቱ ቆሞ ጨፈረ።

መጨረሻ ላይ ዳኞቹ ተከፋፈሉ፦ አንዱ 95 ለ 94 ለንጋኑ፣ ሁለቱ 96 ለ 93 እና 95 ለ 94 ለፉሪ። ተዘርፏል የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ፉሪ በጠባብ ወስዶታል የሚለውን እቀበላለሁ፣ ቢሆንም አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ፋይት ያልነበረው ሰው እዚህ መድረሱ ራሱ ጉድ ነው። ክፍያውም በዩኤፍሲ ዘመኑ ሁሉ ካገኘው ይበልጣል ብሏል ራሱ። "ሞኝ ነው" ያሉት ሰዎች ያኔ ዝም አሉ።

ከአንቶኒ ጆሹዋ ጋርስ?

ጆሹዋ የቀድሞ የዓለም ከባድ ሚዛን ቦክስ ቻምፒዮን ነው። ማርች 8 ቀን 2024፣ ሪያድ፣ ንጋኑ ሁለተኛው ዙር ላይ በዝረራ ተሸነፈ። ሶስት ጊዜ ነው የወደቀው፣ የመጨረሻው ቀኝ ክፉ ነበር። ጆሹዋ የፉሪን ስህተት አልደገመም፣ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።

ፒኤፍኤል ውስጥ ምን አገኘ?

ሜይ 2023 ነው ከፒኤፍኤል (የዩኤፍሲ ተፎካካሪ የሆነ የኤምኤምኤ ድርጅት) ጋር የፈረመው፣ ዩኤፍሲ እምቢ ያለውን ነገር እዛ አገኘው፦ ቦክስ መጫወት ይችል ነበር፣ የራሱን ስፖንሰር ይይዝ ነበር፣ የፒኤፍኤል አፍሪካ ሊቀመንበርም አደረጉት። ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው፣ ከሱ ጋር የሚጋጠመው ሰው ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲያገኝ ኮንትራቱ ላይ አስገብቶ ነበር። ለራሱ ሳይሆን ለሚመታው ሰው ብር የሚደራደር ተፋላሚ እኔ አላየሁም።

ከዛ በመሀል መከራ መጣ። ኤፕሪል 2024 የ15 ወር ልጁ ሞተበት። መፋለም ልተው ነው ብሎም ነበር። ኦክቶበር 19 ቀን 2024 ሪያድ ላይ ግን ተመለሰ፣ ሬናን ፌሬራ የሚባል 2.03 ሜትር የሚረዝም ብራዚላዊ፣ ከጋን ፋይት በኋላ የመጀመሪያው ኤምኤምኤው ነው፣ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር አልፎታል። ያዘው፣ መሬት ጣለው፣ ከላይ እየመታ በመጀመሪያው ዙር 3 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ላይ ጨረሰው፣ ከዛ እያለቀሰ ድሉን ለልጁ ሰጠ። ፒኤፍኤል አፍሪካም በ2025 ኬፕታውን ላይ ስራ ጀምሯል።

ሪከርዱ ስንት ነው?

ከፌሬራ ፋይት በኋላ በኤምኤምኤ 18 አሸንፎ 3 ተሸንፏል። ከ18ቱ 13ቱ በዝረራ፣ 4ቱ በሳብሚሽን፣ 1 በነጥብ። ሶስቱም ሽንፈቶች በዳኞች ውሳኔ ናቸው፣ ኤምኤምኤ ውስጥ የዘረረው ሰው የለም። ቦክስ 0 ለ 2።

ለአገሩ ምን ሰራ?

ባቲዬ ላይ በስሙ ባለው ፋውንዴሽን በኩል ለልጆች ጂም ከፍቷል፣ እሱ ልጅ እያለ እዛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ከሁሉም የከባድ ሚዛን ተፋላሚ ምርጡ እሱ ነው?

አይመስለኝም። ሚዮቺች ብዙ ጊዜ ቀበቶውን አስጠብቋል፣ ሩሲያዊው ፌዶር ኤሜሊያኔንኮ አለ፣ ንጋኑ ዩኤፍሲ ውስጥ ያስጠበቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጣም አስፈሪው ማነው ካላችሁኝ ግን ክርክር የለውም። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ነው፣ ኮሜንት ላይ ሰው የሚጣላው ስለሚያምታታቸው ነው።

ፋይቶቹን አይቼ አላውቅም፣ ከየቱ ልጀምር?

መጀመሪያ የ2018ቱን ሚዮቺች እዩ፣ አሰልቺ ነው፣ ቢሆንም ታገሱ፣ ሲደክመውና ሲወድቅ ካላያችሁት የኋላው አይገባችሁም። ከዛ የ2021ዱን ሚዮቺች። ከዛ ጋንን ሙሉ 25 ደቂቃ፣ ሶስተኛው ዙር ላይ የተጎዳ ጉልበቱን እያሰባችሁ። ፉሪ ለመዝናናት። የልዊሱን እለፉት። የሮዘንስትራይክን ደግሞ ሻይ እስኪቀዳ ታያላችሁ፣ ግን ስልካችሁን አስቀምጡ፣ ኖቲፊኬሽን ለማየት ካጎነበሳችሁ አልቋል።